የወሬው ሬሳ የት አለ?

ትምህርቴን ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስመክራችሁ «ይቺ ደግሞ ማን ሆና ነው?» እንዳትሉኝ ነው። ማንም አይደለሁም። ፀዲ እባላለሁ፤ ቡራዩ ውስጥ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር የአክስቴን ሱቅ እጠብቃለሁ። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ዘይትና የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። ከእንግሊዝኛ አጣርቼ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱንም ያገኘሁት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከሱቄ ፊት ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ባፈርኩበት ሳምንት።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነበር፣ 2008 ዓ.ም.። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ታክሲ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቆማል፤ ኢንተርኔቱ ከመብራቱ ብሶ ይጠፋል። ያኔ ሰውና ሰው የሚገናኘው ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ ሳይሆን መሄድ ሲያቅተው ነው። አርብ ጠዋት ቲቸር ባርናባስና ኦቦ ጃራ ሱቄ በር ላይ የተገናኙትም ሁለቱም ታክሲ አጥተው ነው።

ቀድሞ የመጣው ቲቸር ባርናባስ ነው። ከሆሳዕና የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ እኔና አክስቴ በተከራየንበት ግቢ አንዲት ክፍል ይዟል። ጎረቤት ስለሆነ «አንተ» እለዋለሁ። ክፍል ውስጥ ቢያገኘኝ «እርስዎ» እለው ነበር፤ ግን አላገኘኝም።

ሬዲዮኔ ክፍት ነው። አንድ ሰውዬ በጎርናና ድምፅ «የሚናፈሰው ሁሉ ከእውነት የራቀ ነው» አለና ሌላ ምንም ሳይጨምር ዘፈን ተከተለ።

«ሰማሽ አይደል?» አለ ቲቸር። «ይሄንን ዜና ነገ በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ሰውዬው ወሬውን ሪፊውት አደረገ ይሉታል። ምንም ሪፊውት አላደረገም።»

«ሪፊውት እምቢ ማለት አይደል እንዴ?»

«እሱ ሪፊውዝ ነው። በአንድ ፊደል ሌላ አገር ገባሽ።»

«ታዲያ ይሄኛው ምንድን ነው?»

«አንድ ነገር ሐሰት መሆኑን በማስረጃ አሳይቶ መጣል። ለምሳሌ፣ ፀዲ ስኳር ትቀሽባለች ተብሎ ተወራ እንበል።»

«ማን ነው ያለው?»

«እንበል ነው ያልኩሽ። ‹ኧረ እኔ አልቀሽብም› ካልሽ ዲናይ አደረግሽ፣ ካድሽ። ለሱ ምላስ ይበቃዋል። ሚዛኑን አውጥተሽ በሰው ፊት ብትመዝኚ ግን ሪፊውት አደረግሽ።»

«ሚዛኔ ትንሽ ያጋድላል።»

«እንግዲያስ ካጂ።»

ሳቅን። ገበያ የለም፣ ታክሲ የለም፤ ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት።

«ከላቲን ነው፤ ከድሮዎቹ ሮማውያን ቋንቋ። ፊተኛው ‹ሪ› መልሶ፣ ወደ ኋላ ማለት ነው። የቀረው መምታት ከሚል ቃል የመጣ ነው ይላሉ። ሲገጣጠም፣ የመጣብሽን መትቶ መመለስ።»

«እንደ ኳስ።»

«እንደ ኳስ። ኳስ ደግሞ ‹አልመጣህም› ስላልሽው አይመለስም፤ እግርሽን ማንሳት አለብሽ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ዛሬ ያምታቱታል። ‹አይደለም› ብሎ የተነሳውን ሁሉ ሪፊውት አደረገ ይላሉ፤ አስተማሪዎቻቸውም ሲቆጡ ይኖራሉ። የኛ ‹ማስተባበል›ስ ቢሆን? ዘሩ ከእብለት ነው ይባላል፤ እብለት ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ማሳየት ሲገባው ‹ውሸት ነው› ብሎ ዘፈን መክፈት ሆኖ ቀረ።»

«ሪፊውት» አልኩ ጮክ ብዬ፣ አፌ እንዲለምደው። «ሪፊውት። ሪፊ...»

«ሬፋ?» አለ ከጀርባችን አንድ ድምፅ። «የማን ሬፋ?»

ኦቦ ጃራ ናቸው። ከዘራቸውን በአንድ እጅ፣ ከሱቄ በር ጥግ ያነሱትን መዳበሪያ ጆንያ በሌላ እጅ ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ለማያውቅ ልናገር፦ ሬፋ በኦሮምኛ ሬሳ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ሬሳ የሚል ቃል የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የማን እንደሆነ ነው።

«አካም ቡልተን ኦቦ» ብዬ ቶሎ እንዴት አደሩ አልኳቸው። «የማንም አይደለም። የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ቲቸር እያስተማረኝ ነው።»

«እንግሊዝኛ እንዲህ ያስደነግጣል?» አሉና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ስለ ኦቦ ጃራ ሳልናገር ከዚህ ማለፍ አይቻልም። የግቢያችን ባለቤት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል፤ ረጅም ናቸው፣ ሲራመዱም ሲቆሙም ቀጥ ያሉ። እድራችንን ከመሠረቱት አንዱ ስለሆኑ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ ይል ነበር። «ነበር» ያልኩት በዚያ ሳምንት ስለቀረ ነው።

ረቡዕ ማታ ወታደሮች መጥተው ከሰፈራችን ወጣቶች ወሰዱ። ከተወሰዱት አንዱ የጎረቤታችን የድንቅቱ ልጅ ቶሌራ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወሬ ተነሳ፦ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጃራ ነጭ ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው በከዘራቸው የልጆቹን ቤት ሲጠቁሙ ታዩ። ማን አየ? ሁሉም ካየ ሰው ሰማ፤ ያየው ሰው ግን አልተገኘም። እሳቸውም ተጠየቁ፣ «አላደረግሁም» አሉ፣ ገቡ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። ድንቅቱ እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ስማቸው እንዲሰረዝ ልትጠይቅ ነው፤ ሰውም ሊስማማላት ነው።

ከእድር የተሰረዘ ሰው ድንኳን አይተከልለትም፣ ሬሳውን ጎረቤት አይሸከምለትም። የኦቦ ጃራ ሚስት እማማ ተረፈች ደግሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል፤ ሐኪም ቤትም «ቤታችሁ ይሁኑ» ብሎ መልሷቸዋል። ስለዚህ እሁድ የሚሰረዘው የአንድ ሰው ስም ብቻ አልነበረም።

እኔ ምን አደረግሁ? ኦቦ ጃራ ዓለም ገና ለእኩል የሚያሳርሱት መሬት እንዳላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «መሬቴን ልይ» እያሉ ይሄዳሉ፤ ሲሄዱ ያንን ጆንያ ከሱቄ ይወስዳሉ፣ ሲመለሱ እዚያው ያስቀምጣሉ። የእርሻ ልብስ ነው፤ እማማ ተረፈችን አቧራው እንዳያስነጥሳቸው ነው ብለውኛል። ረቡዕ ጠዋት ጆንያውን ሲወስዱ አይቻለሁ። ሴቶቹ ሳሙና ሊገዙ መጥተው ሲያሟቸው «ኧረ እሳቸው አላደረጉም» አልኩ። «ምን ታውቂያለሽ፣ ከሰዓት ተመልሶ ቢሆንስ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እንግዲህ አሁን በተማርኩት ቃል ስለካው፣ ዲናይ አድርጌ ቁጭ አልኩ ማለት ነው።

ወደ አስኮ የሚሄድ አይሱዙ ቆመና ቲቸር ባርናባስ ከኋላ ተንጠልጥሎ ሄደ። እኔና ኦቦ ጃራ ቀረን።

«እሁድ ምን ሊሉ ነው ኦቦ?»

«ምን እላለሁ። አልሄድም። ጫንጮ እህቴ ጋ ጥቂት ከርሜ ሰው ሲረሳ እመለሳለሁ።»

«እማማ ተረፈችስ?»

ከዘራቸው አፈሩን ጫር ጫር ያደርጋል።

«የሸሸ ሰው አይረሳም» አልኩ። «‹ሸሸ፣ አድርጎ ነው› ይባላል። እኔ ራሴ የምለው እንደዚያ ነው።»

«ስሚ ኢንተላ» አሉ፤ ልጅት ማለታቸው ነው። «ሐሜት እሳት ነው። እንጨት ካልጨመርሽበት ይጠፋል፤ መልስ መስጠት ደግሞ እንጨት መጨመር ነው። አባቶቻችን ለሐሜት መልስ አይሰጡም ነበር። ክብራቸውም እሱ ነበር።»

«በአባቶቻችሁ ጊዜ ሐሜት በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ ሱሉልታ ሳይደርስ ዳገቱ ላይ ይደክመው ነበር። የዛሬውን እኔው ነኝ ካርድ የምሞላለት። አይደክመውም።»

ሊስቁ ፈልገው ተዉት። እኔም ምላሴ እንደሚቀድመኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሲሳሳት ዝም ማለት አክብሮት ነው ያለው ማን ነው? ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ «እንደ ፈቃድዎ» ማለት ምን ይሉታል? እኔ ጨዋነት ነው አልልም።

«እሺ፣ ልሂድና ልማል» አሉ። «የእድሩ ዳኛ ፊት ቆሜ በአባቴ አጥንት እምላለሁ። ድሮ የማለ ሰው ይታመን ነበር።»

«እኔ ሱቅ በቀን ስንት ሰው እንደሚምል ቢያዩ ኦቦ። ‹ማርያምን ክብሪቱ እርጥብ ነው› ብሎ የሚመልስልኝ አለ፤ ስጭረው ቦግ ይላል። ሌላው ደግሞ ምሎ ይመልስልኛል፣ እውነትም እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ውሸታሙም እውነተኛውም እኩል ነው የሚምሉት። እኔ የምለያቸው ክብሪቱን ጭሬ ነው።»

«ታዲያ ድንቅቱ ትጫረዋ!» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ወዲያው ግን ግራ ቀኝ አይተው ዝቅ አደረጉት። «ከሳሽ ነው የሚያስረዳ። በኛም ወግ፣ በመንግሥትም ሕግ ከሳሽ ያስረዳል። ያየኝን ሰው ታምጣ። እኔ ምን በወጣኝ?»

እውነታቸውን ነው። ቲቸር ባርናባስ ቢኖር አንድ ነገር ይል ነበር፤ እሱ ግን አይሱዙ ላይ ነው። እኔ ያገኘሁት ይህንን ነው፦

«ፍርድ ቤት ቢሆን ያሸንፏት ነበር። ድንቅቱ ግን ፍርድ ቤት አይደለችም፣ ልጇን የወሰዱባት እናት ናት። የወሰዱትን የምትከስበት ደጅ የላትም። እርስዎ ግን ግድግዳ ለግድግዳ ነዎት፤ እርስዎን ትችላለች። ማስረጃ አምጪ ቢሏት እንባዋን ነው የምታመጣው። እንባ ደግሞ ኦቦ፣ እድር ላይ ከምስክር ይበልጣል።»

ኦቦ ጃራ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ይህንን ከመምህሩ ነው የተማርሽው?»

«ይሄን ከሱቅ ነው።»

«ያ ሬፋ ያላችሁትስ ነገር ምን ነበር?»

አስረዳኋቸው። ሪፊውዝን ከሪፊውት ለየሁላቸው፤ ኳሱንም ሚዛኑንም ነገርኳቸው፤ የሚዛኑን ማጋደል ብቻ ዘለልኩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ ቃሉን እንደገና በራሳቸው አፍ ሠሩት፦

«ገባኝ። ወሬ ሞቷል ማለት አይበቃም። ከሞተ ሬፋውን አውጣው፣ ሰው አይቶት ይቅበረው ነው የምትሉት።»

ከሮማውያኑ የበለጠ የገባኝ ያኔ ነው። እኔም በደስታ ተንደረደርኩ። «በቃ ኦቦ፣ ቀላል ነው። ረቡዕ ዓለም ገና ነበሩ። መሬቱን የሚያርስልዎ ሰውዬ ይምጣና ‹ከኔ ጋር ነበሩ› ይበል። ሬፋው ይኸው።»

«የሚያርስልኝ ሰው የለም።»

«እንዴት የለም?»

ጆንያውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። አፉ በሲባጎ ታስሯል፤ ፈቱት። «ሬፋው እኔ ጋ አለ» አሉ። «ግን የሚሸት ሬፋ ነው።»

ግራጫ ካፖርት አወጡ። ጀርባው ላይ ቢጫ እራፊ ተለጥፎበታል። ከኪሱ ፊሽካ ተንጠልጥሏል። በመጨረሻ አንድ የተጨማደደ ባርኔጣ።

ያንን ቢጫ እራፊ አውቀዋለሁ። ቡራዩ ውስጥ ሞባይል ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ረቡዕ ከሰዓት ዓለም ገና ሰልፍ ነበር፤ በዚያው ማታ፣ ኢንተርኔቱ ከመጥፋቱ በፊት፣ አንድ ቪዲዮ መጣ፤ ከጠፋም በኋላ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ጎማ ይነዳል፣ ወጣቶች ይሮጣሉ፤ አንድ መጋዘን በር ላይ አንድ ዘበኛ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ ቀልብሶ ቆሟል። ነፋስ ባርኔጣውን ይወስደዋል። ዘበኛው በሩን ትቶ ባርኔጣውን ያሳድዳል፤ ፊሽካው አፉ ውስጥ ስለቀረ በተነፈሰ ቁጥር ጢር፣ ጢር ይላል። ስም ወጥቶለታል፦ «ባርኔጣ አሳዳጁ»። በዚያ ክፉ ሳምንት ሰፈራችን ያገኘው ሳቅ እሱ ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ ማየት ብቻ አልበቃኝም። ሐሙስ ጠዋት ለታክሲ ረዳቶቹ ሩጫውን አስመስዬ ሠርቼላቸዋለሁ፤ ጎንበስ ብዬ፣ ጢር ጢር እያልኩ፣ ከሱቁ እስከ መብራት እንጨቱ። ኦቦ ጃራ፣ ለካ ያን ሰዓት ከዓለም ገና በእግርም በመኪናም ሲመለሱ ኖሯል፣ በዚያ አለፉና ቆም ብለው አዩኝ። አልሳቁም። ሽማግሌ ስለሆኑ ቀልዱ አልገባቸውም ብዬ ነበር።

«መሬቴን ልይ ብዬ ስሄድ ዋሽቼ አይደለም» አሉ ካፖርቱን እያጠፉ። «አየዋለሁ። መሬቱ ከተወሰደ ቆይቷል፤ ካሳውም አልቆ ከተረሳ ቆይቷል። መጋዘን ሠሩበት። ዘበኛ ሲፈልጉ ሄጄ ቆምኩ። የራሴን መሬት ከራሴ ወገን ልጆች እጠብቃለሁ ኢንተላ። ተረፈች እንኳ አታውቅም። ጠቋሚ ቢሉኝ ውሸት ነው፤ ዘበኛ ቢሉኝ እውነት ነው። ውሸቱን መሸከም ቀለለኝ።»

አንገቴን ደፍቼ የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ አነብ ጀመር።

«ዘበኝነት ያሳፍራል ያለው ማን ነው?» አልኩ በመጨረሻ፣ ለካርቶኑ።

«ሰው ሁሉ። አንቺም ሐሙስ ዕለት እስከ መብራት እንጨቱ ድረስ ጢር ጢር ስትይ አይቻለሁ።»

በክፋት አልተናገሩትም። ያ ነው የባሰው።

«እንግዲያው እፍረቱ የኔ ነው ኦቦ» አልኩ። «የኔን ተሸክመው ነው የሚዞሩት። ይመልሱልኝ። ማፈር ያለበት የሳቀ ነው፤ የተሳቀበት ምን አጠፋ? ያሳደደው የራሱን ባርኔጣ ነው።» ቀና ብዬ አየኋቸው። «ደግሞም ዘበኛን እድር ይቀብረዋል። ሚስቱንም ይቀብርለታል። ጠቋሚን ግን አይቀብርም። ጫንጮም ቢሄዱ፣ በአባትዎ አጥንትም ቢምሉ አይቀብርም። እኔ ብነግርላቸው ደግሞ ‹ፀዲ አለች› ነው የሚሆነው፤ ፀዲ ያለችው ስንት ነገር አለ። እርስዎን የሚያስከፍልዎትን ነገር እርስዎ ካወጡት ግን ማን ይጠራጠራል? ውሸታም ሰው ራሱን የሚያዋርድ ውሸት አይመርጥም።»

ኦቦ ጃራ ካፖርቱን ወደ ጆንያው መለሱ፣ ሲባጎውን አሰሩ፣ ተነሱ። እሺም እምቢም አላሉም። በዚያ ቀን ጆንያውን ሱቄ አላስቀመጡትም፤ ወደ ግቢ ይዘውት ገቡ።

እሁድ እድሩ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረየስ ናቸው፤ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ፈጥነው ተናግረው የማያውቁ ሰው። ድንቅቱ ተነሳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «ሌላ አልጠይቅም» አለች። «ልጄን ከጠቆመ ሰው ጋር አንድ ድንኳን ሥር ቆሜ አላለቅስም። ወይ እኔን ሰርዙ ወይ እሱን።» ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ብዙ ራስ ተነቀነቀ። አቶ ገብረየስ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ያኔ ከመንገዱ ጢር የሚል ድምፅ ተሰማ።

መጀመሪያ የሳቁት ከኋላ የቆሙት ወጣቶች ናቸው። «ባርኔጣ አሳዳጁ» አለ አንዱ፤ ሳቁ ወደ ፊት ተዛመተ፣ አንዳንድ ሽማግሌም ፈገግ አለ። ቀጥሎ ሰውዬው ቀረበ፤ ከካፖርቱ በላይ ያለው ፊት ታየ። ሳቁ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ ሻማ ተራ በተራ ጠፋ።

ኦቦ ጃራ መሐል ገብተው ቆሙ። እማማ ተረፈችን ያገቡ ዕለት የቆሙ ይመስል ቀጥ ብለው፣ በዚያ ካፖርት። ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ።

«ልምል ነበር» አሉ። «መሐላ ርካሽ ሆኗል አሉኝ። ስለዚህ ሬፋውን አመጣሁላችሁ። ዓለም ገና ዘበኛ ነኝ። መሬት የለኝም፤ የነበረኝ መሬት ላይ ዘበኛ ነኝ። ሞባይል ያላችሁ አውጡና እዩ።» ዞረው ጀርባቸውን ሰጡ። ቢጫው እራፊ እንደ ፀሐይ በራ።

ማንም ስልክ ሊያወጣ አልደፈረም። ሲመለከቱት የሰነበቱት ነገር ኪሳቸው ውስጥ ከበዳቸው መሰለኝ። የኔም ከብዶኝ ነበር።

«ያ ቪዲዮ የረቡዕ ከሰዓት ነው» አሉ አቶ ገብረየስ ቀስ ብለው። «ከዓለም ገና ወደዚህ ያለው መንገድ ደግሞ ረቡዕ ከቀትር እስከ ሐሙስ ጠዋት በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ልጄ እዚያው ነው ያደረው።» እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም።»

ሁሉም ወደ ድንቅቱ አየ። ከመቀነቷ አንድ ስልክ አወጣች፤ መስተዋቱ የተሰነጠቀ የቶሌራ ስልክ ነው። ከፈተችው። ጢር፣ ጢር ይል ጀመር። ስልኩን አየች፣ የኦቦ ጃራን ጀርባ አየች፣ ደግሞ ስልኩን።

«ረቡዕ ማታ ነው ያሳየኝ» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ራት እየበላን። ጎርሼ ስለነበር ትን እስኪለኝ ሳቅኩ፤ ‹እናቴ ቀስ› እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።» ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። «የመጨረሻ የሳቅነው በእርስዎ ነው።»

ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር ሣር ነጨች፤ እርጥብ ሣር በሁለት እጅ ይዛ ሄዳ ኦቦ ጃራ ፊት ቆመች። በኦሮሞ ወግ ሣር ይዞ የቆመን ሰው እምቢ አይሉትም። ኦቦ ጃራም አላሏትም። ሣሩን ተቀብለው የካፖርቱ ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት። ከዚያም «እኔም ልጄ ቢሆን የማደርገውን አላውቅም» አሉ።

አሁን ቃል የገባሁት ምክር ነው።

አንድ ቃል ብዙ አያደርግም። ሪፊውት ማድረግ ማን እንዳላደረገ ይነግራል እንጂ ማን እንዳደረገ አይነግርም። ቶሌራ ከስቶ፣ ዝምተኛ ሆኖ ዘግይቶ ተፈታ፤ ማን እንደጠቆመው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይሁን እንጂ ከዚያ እሁድ ወዲህ እድራችን አንድ ልማድ ይዟል። በሰው ላይ ወሬ ይዞ የመጣውን «ያየው ማን ነው፣ መቼ፣ የት?» ይሉታል፤ ካጣ ወሬውን ይዞ ይመለሳል። የተወራበትም መማል ሲጀምር «መሐላውን ተወው፣ ሬፋው የት አለ?» ይባላል። በዚሁ ልማድ ሁለት ባልና ሚስት ከመፋታት ድነዋል። «የገፈርሳ ውሃ ተመርዟል» የተባለ ጊዜ ሌላው ሰፈር ጀሪካኑን ሲደፋ የኛዎቹ መጀመሪያ ሄደው ላሞቹን አዩ፤ ጠጥተው ተኝተው ያመሰኩ ነበር። ጎረቤት ከማግለልም የባሰ ነገር ቀርቷል፤ በዚያ ሰሞን በወሬ ብቻ ቤት ይቃጠል ነበርና። እናንተም ክብር ማለት ዝም ማለት ነው የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ ዝምታው የማንን ውሸት እያሳደገ እንደሆነ ጠይቁት። ወሬውን የምታወሩትማ፣ ሳትስቁም ሳታምኑም በፊት ጀርባውን የሰጠው ሰውዬ ዞር ቢል ማን ሊሆን እንደሚችል አስቡ። እኔ ሳላስብ እስከ መብራት እንጨቱ ሮጫለሁ።

እማማ ተረፈች ከፋሲካ በኋላ አረፉ። ድንኳኑን የተከሉት እነዚያው ከኋላ የሳቁት ወጣቶች ናቸው፤ ድንቅቱም ከሬሳው ሳትለይ አለቀሰች። ኦቦ ጃራ አሁንም ዓለም ገና ይሄዳሉ። ካፖርቱ ጆንያ ውስጥ አይገባም፤ ሱቄ በር ላይ ባለው ሚስማር ይሰቀላል።

አንድ ቀን ከሚስማሩ ሳወርድላቸው ጠየቅኋቸው። «ያን ቀን ያ ሁሉ እሳት እያለ፣ ባርኔጣውን ምን ያስሮጥዎታል?»

ካፖርቱን ቆለፉ፣ እስከ መጨረሻው ቁልፍ። «ሲሚንቶ ስላለበሱት አይታይም እንጂ» አሉ፣ «ባርኔጣው የወደቀበት አውድማዬ ነበር። አውድማ ላይ የወደቀ ነገር ተጥሎ አይኬድም።»